ስልሳ ሁለት ላይ የቆመው ሐይቅ

ዴልፍት፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ አንዳርጋቸው፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። መስቀሉንም በደስታ እንዳሳለፉ ቢኒያም ነግሮኛል። የደመራውን አወዳደቅ አይተው ስለ ዘንድሮ ዝናብ ለሰፈሩ ሁሉ ማብራሪያ እንደሰጡም ሰምቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ኔዘርላንድ ሰማዩ ክረምት ከበጋ ያለቅሳል፤ እርስዎ ቢኖሩ የዝናብ መለኪያውን ለመገልበጥ ፋታ አያገኙም ነበር።

ጋሽዬ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ለልመና ነው። በክረምቱ መጥቼ ሐይቅ ከተማ፣ የናስር ጀልባ ከምትታሰርበት ፊት ለፊት፣ ውሃው ውስጥ ቀይና ነጭ የተቀባ፣ በሴንቲሜትር የተሰመረ መለኪያ ዘንግ ተክዬ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያነብልኝ ሰው አሁን ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቶ ሄደ።

የጥናቴን ነገር በአጭሩ ላስረዳዎ። ዝናብ ሲበዛና ሲያንስ የአፍሪካ ትልልቅ ሐይቆች ዳርቻቸው ምን ያህል እንደሚገፋና እንደሚሸሽ ከሳተላይት ምስል ላይ እለካለሁ። ነገር ግን ከሰማይ የለካሁት ልክ መሆኑን ምድር ላይ ቆሞ የሚመሰክርልኝ አንድ ሐይቅ ያስፈልገኛል። የመረጥኩት የራሳችንን ነው። ያ ምስክር ከሌለ አራት ዓመት የደከምኩበት የዶክትሬት ጽሑፌ ዋናው ምዕራፍ ይወድቃል። የማስረክበውም ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው።

ሲሪንቃ የአየር ጠባይ ጣቢያ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ የለካ ሰው በቤተሰብ እያለኝ ሌላ ማን ደጅ እጠናለሁ? ከመርሳ እስከ ሐይቅ መንገዱ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ። እምቢ ቢሉኝ አልቀየምም፤ ትንሽ ግን አለቅሳለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
መቅደላ


መርሳ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዶክተር መቅደላ (ማዕረጉ ገና ነው ብለሽ አትከራከሪኝ፤ እኔ ቀድሜ ሾሜሻለሁ)፣

የአባቶችሽ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ልጄ ቢኒያም «ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?» ይለኛል። በስልክ ያሉትን ነፋስ ይወስደዋል፤ የጻፉት ግን ይቀመጣል። ስለዚህ እኔ በብዕር እጽፋለሁ፣ እሱ እሁድ ከወልድያ ሲመጣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ የአባቱ ፖስተኛ መሆኑ ቅር ብሎታል፤ ይበለው።

ትናንት ሄድኩ። ውርጌሳ ላይ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ገተረን። ሐይቅ ስደርስ ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁና ጮክ ብዬ «ስልሳ ሁለት!» ብዬ አነበብኩ። የሲሪንቃ ልማዴ ነው፤ ጮክ ብሎ ያነበበ ሲጽፍ አይሳሳትም። ቀና ስል ዳር ላይ ዓሣ የምትጠብስ ሴት «አንቱ ጋሼ፣ ምን ጠፍቶዎ ነው ውሃ ውስጥ የሚቆጥሩ?» አለችኝ። አሰለፈች ትባላለች። ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት። ስለ ዝናብ ሲነገረው የሚሰማ ሰው ብርቅ ነው።

እንግዲህ ሥራውን ተቀብያለሁ። ሱሪዬ ግን እስከ ጭኔ ራሰ። ረጅም ቦት ጫማ ብታገኚ ላኪልኝ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልፈልግም።

አጎትሽ አንዳርጋቸው


ዴልፍት፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽዬ፣

ለዚህ ውለታዎ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። አምስቱም ንባብ ደርሶኛል፦ ስልሳ ሁለት፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ከዚያ እንደገና ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አንድ። ጽሕፈትዎ እንደ ማኅተም የተስተካከለ ነው፤ ፕሮፌሰሬ አይታ «ይህን ሰው ቅጠሪው» አለችኝ።

ቦቱን ገዝቻለሁ። የዓሣ አጥማጆች ስለሆነ ብብት ድረስ ይመጣል። ጓደኛዬ ብሌን ለፋሲካ ወልድያ ወላጆቿ ዘንድ ስለምትመጣ በእሷ እልካለሁ። እስከዚያ ሱሪዎ ይታገሥ።

ልጅዎ መቅደላ


መርሳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለመቅደላ፣

ቅዱስ ገብርኤል ከእሳቱ እንዳወጣቸው ከፈተናው ሁሉ ያውጣሽ። ትናንት ገብርኤልን እዚያው ሐይቅ አነገሥኩ። ብዙ ስለቆየሁ ይቅርታ፤ ቢኒያም ፈተና ሲያርም ሁለት ሳምንት ስላልመጣ ነው።

ንባቡ በሌላ ወረቀት አለ። ሐይቁ የተባረከ ነው፤ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ ሁለት። የእኛ ወንዞች በየሸለቆው ሲደርቁ እሱ ፍንክች አላለም።

ቦቱን ተዪው። ናስር «ጋሼ፣ እኔ እያለሁ ውሃ አይነካዎትም» ብሎ በጀልባው እስከ ዘንጉ ያደርሰኛል። በቦቱ ፈንታ ጥቁር የቆዳ ጫማ ቁጥር አርባ አንድ ላኪልኝ። እግረ መንገድሽንም የጸጉር ማጥቆሪያ ካገኘሽ መጥፎ አይደለም። ሐይቅ ዳር ፀሐይዋ ጸጉር ታነጣለች።

አሰለፈች ሰላም ይበሉልኝ ብላለች። ፎቶሽን አሳይቻታለሁ፤ «ከሳች» ብላለች።

አጎትሽ አንዳርጋቸው


ዴልፍት፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽዬ፣

እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሰዎ። ጫማው ተገዝቷል። ማጥቆሪያውም ተገዝቷል፤ ፀሐይ ጸጉር የምታነጣ መሆኗን ግን በየትኛውም የሳይንስ መጽሐፍ አላገኘሁም። እናቴ ደግሞ በስልክ «ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ጢሙን ይላጫል» ብላኛለች። ምንም አልጠይቅም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጠይቅዎ ብቻ። ዘንጉ ደህና ቆሟል? አልተጋደመም? ሲያነቡት እዚያው ቀርበው ነው ወይስ ከሩቅ? እንዲያው ለመዝገቡ ያህል ነው።

ልጅዎ መቅደላ


መርሳ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመቅደላ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ዘንጉ ቆሟል። አልተጋደመም። ቀርቤ ነው የማነበው።

«ለመዝገቡ ያህል» የሚለውን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ። አለቃ ሠራተኛውን ሲጠረጥር የሚናገረው ነው። ሲሪንቃ ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መለኪያውን ያላነበብኩበት አንድ ቀን ብቻ አለ፤ ባለቤቴን ደብሪቱን የቀበርኩበት ቀን። የዚያን ቀን ሣጥን ባዶ ተውኩት። ዜሮ ብዬ እንኳ አልሞላሁትም፤ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም። መዝገቡ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አንዳርጋቸው

ማስታወሻ፦ ብሌን ሻንጣዋ ቦታ ካለው ሰማያዊ የአንገት ሻርፕ፣ የሴት። ለነፋስ ነው።


ዴልፍት፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣

እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዙሪያውን ከምሽከረከር እውነቱን በቀጥታ መናገር ነበረብኝ፤ ይኸው ልናገር።

የእርስዎ ቁጥር ከጥቅምት ጀምሮ ስልሳ ሁለት ላይ ቆሟል። የሳተላይቱ ምስል ግን ውሃው ከዳር ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል ሸሽቷል ይላል። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ፕሮፌሰሬ ንባቡን ስታይ «አጎትሽ ቤቱ ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። «አጎቴን አታውቂውም» ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እኔ እርስዎን ለአንዲት ደቂቃ አልጠረጠርኩም። የተሳሳተው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ግን ከዚህ ሆኜ ላየው አልችልም። እስከ ግንቦት ካላገኘሁት ምዕራፉን አውጥቼ እጥለዋለሁ፤ እርስዎን ግን አልጥልም።

ሻርፑን ገዝቻለሁ። ሰማያዊ ነው፤ በጣም ያምራል። ለነፋስ።

ልጅዎ መቅደላ


መርሳ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! ትንሣኤው የደስታ ይሁንልሽ። ብሌን ዕቃውን በሙሉ አድርሳልኛለች፣ ተባረኪ። ይህን ደብዳቤ ደግሞ ቢኒያም ፎቶ አያነሳውም። ብሌን ነገ ስለምትመለስ ፖስታውን አሽጌ በእጇ ሰጥቻታለሁ። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ፤ ዘለሽ እንዳታነቢ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ፊቴን አዞርኩ እንጂ ቢኒያም እንባዬን ባየ ነበር። «አጎቴን አታውቂውም» አልሽ? እኔም አንቺ እንዲያ የቆምሽለትን ሰው ላሳፍረው አልፈለግኩም። ብዙ አሰብኩ። ልማዴ ቅዳሜ ነው፤ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ዓርብ፣ ሚያዝያ 17 ቀን፣ ማንም ሳይጠብቀኝ ሐይቅ ወረድኩ።

ከዐሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ ናስር የዐስርን ሶላት ሰግዶ ተመልሷል። ምን አየሁ መሰለሽ? ናስር እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ገብቶ ዘንግሽን እንደ ጥርስ ይነቅላል! አሰለፈች ቀሚሷን ሰብስባ፣ ነጭ ድንጋይ ታቅፋ አጠገቡ ቆማለች። ዘንጉ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። «ትንሽ ወደ ውስጥ!» ትለዋለች፤ «ክሩን ገና አልነካም!»

«ምን እየሠራችሁ ነው?» ብዬ ጮህኩ። ናስር ዘንጉን ይዞ ደንዝዞ ቀረ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ለክፋት አይደለም» አለ።

አሰለፈች ግን አልደነገጠችም። «ምን ያስጮህዎታል? ከመርሳ ድረስ ውሃ ብለው መጥተው፣ ውሃው ሸሽቶ ይጠብቅዎ እንዴ? እንግዳ እንዲህ ይሸኛል?» አለችኝ።

«እኔ እኮ የመጣሁት መሸሽ አለመሸሹን ልለካ ነው!»

«ይለኩ ማን ከለከለዎ! መጀመሪያ ቀን ስልሳ ሁለት ብለው ሲጮሁ ፊትዎ እንዴት እንደበራ በዓይኔ አይቻለሁ። በሳምንቱ እኔ ገበያ ነበርኩ። ናስር ነው የነገረኝ። ሃምሳ ዘጠኝ ብለው፣ አንገትዎን ደፍተው፣ ዓሣም ሳይቀምሱ ሄዱ። ስሰማው አንጀቴን በላኝ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ቁጥርዎን እናዘጋጅልዎታለን።»

መቅደላ፣ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ ለክቼ፣ በመጨረሻ ሐይቁን እንደ ቁርስ ሲያዘጋጁልኝ ኖረዋል። ደግሞ በልክ! ክሩ ስልሳ ሁለት ላይ ነው የታሰረው፤ ዓርብ ያስሩታል፣ ቅዳሜ ሳልደርስ ይፈቱታል።

«አበላሻችሁኝ» አልኩ። «የልጅቷን ሥራ ገደል ከተታችሁት።»

ያኔ ናስር ተቆጣ። «ጋሼ፣ ዘንጉ የልጅቷ አማና፣ አደራ ነው። እኛ አማና አንበላም። ስንነቅለው የነበረበት ላይ ምልክት ሳናደርግ አንሄድም፣ ስትመጣ ቦታው እንመልሰዋለን ብለን» አለና ወደ ውሃው አሳየኝ። ከዳር በኩል ጀምሮ ወደ ውስጥ፣ በመስመር፣ ውሃው ሥር ነጫጭ ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ዐሥራ አራት ናቸው። አሰለፈች ዘንጉ እያንዳንዱ ቦታ የተተከለበትን ቀን አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ፦ የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣ የገብርኤል ዋዜማ፣ የከተራ ዋዜማ። አንዷን ስትረሳ ናስር «እሷማ ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ናት» ብሎ ሞላላት።

ያኔ ገባኝ። በእያንዳንዱ ድንጋይ አጠገብ፣ በቀኑ፣ ውሃው ስልሳ ሁለት ነበር። ዛሬ ስንት ነው? ልዩነቱ ሐይቁ ከዚያ ቀን ወዲህ የጎደለው አይደል? አደርኩና በማግሥቱ ዘንጉን ይዤ፣ ልብሴን አውልቄ ገባሁ። መጀመሪያ አንቺ የተከልሽበት ቦታ ዛሬ ዐሥራ አምስት ነው፤ ሐይቁ ከጥቅምት ሁለት ወዲህ አርባ ሰባት ጎድሏል። የኪዳነ ምሕረቱ ሃያ፣ የገብርኤሉ ሠላሳ ሦስት፣ የከተራው ሠላሳ ዘጠኝ፣ የረመዳኑ አርባ ስምንት፣ የመድኃኔዓለሙ ሃምሳ ሰባት። አንዱም ቅደም ተከተሉን አልሳተም። ከመጀመሪያው ድንጋይ እስከ መጨረሻው በሜትር ስለካ ሃያ ሜትር ከግማሽ ሆነ። ሙሉው ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ ቀኑንም ራሴ ከመዝገቤ ጋር አመሳክሬዋለሁ።

እንግዲህ የአንቺ ሳተላይት ልክ ነበር፤ እኔም አልዋሸሁም።

ሃያ ሜትር ሙሉ ሲሄድ እንዴት አላየህም ትዪኛለሽ። ናስር በጀልባ ያደርሰኛል፣ ያ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ዓይኔ ውሃው ላይ አልነበረም። ቢኒያም እንዳያነበው የፈለግኩት ይህን ነው።

አሰለፈች ባሏ ከሞተ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ ደብሪቱን ካጣሁ ስምንት። ቅዳሜ ሲመጣ እንደ ልጅ ደስ ይለኛል። በስልሳ ስድስት ዓመቴ ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ለልጄ እንዴት እንደምነግረው ግን አላውቅም። እናቱን በጣም ይወድ ነበር። ቦትም ጫማም ለምኜሻለሁ፤ ይህ የመጨረሻው ነው፦ ሽማግሌ ሁኚልኝ። ወደ እሷ አይደለም፣ እሷ ታውቃለች። ወደ ልጄ።

አጎትሽ አንዳርጋቸው


ዴልፍት፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሽራው ለጋሽዬ፣

እልል! ይህን ቃል ቢሮዬ ውስጥ ጮክ ብዬ አልኩት፤ ጎረቤቶቼ እሳት የተነሳ መስሏቸው ወጡ።

በመጀመሪያ የሽማግሌነቴን ሪፖርት ልስጥ። ለቢኒያም ደወልኩለት። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በወጉ፣ ከአዳም ጀምሬ ነገሩን ሳመጣው አቋረጠኝ። «መቅደላ» አለኝ፣ «ደብዳቤዎቹን ፎቶ የማነሳው እኮ እኔ ነኝ። የጸጉር ማጥቆሪያ ለሐይቅ ምን ይሠራል?» ከታኅሣሥ ጀምሮ ያውቃል! በጥምቀት ማግሥት ተደብቆ ሐይቅ ሄዶ ዓሣዋን በልቶ ተመልሷል። «አባቴ ቤት ውስጥ ሲያፏጭ ስምንት ዓመት አልሰማሁም ነበር» አለኝ። የሚያዝነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርስዎ ስላልነገሩት። ዛሬውኑ ይንገሩት። በቃል እንጂ በደብዳቤ አይደለም!

አሁን ወደ ሐይቁ። ዐሥራ አራቱን ድንጋይ ከሳተላይቱ ምስል ጋር ቀን ለቀን አስቀመጥኳቸው። ገጠሙ፣ ጋሽዬ! ፕሮፌሰሬ አንድ በአንድ አየቻቸውና «ዘንጉ ቦታው ቆሞ ቢሆን የሚኖረን የውሃው ከፍታ ብቻ ነበር። አሁን ዳርቻውም በምን ያህል እንደሸሸ በእጃችን አለ» አለች። ከዚያ ስለ እርስዎ የተናገረችውን አንስታ ይቅርታ ጠየቀች። ምዕራፉ አልወደቀም። እንዲያውም ከሁሉም የተሻለው እሱ ሆነ፤ በምስጋናው ገጽ ላይም የሦስታችሁ ስም አለ፣ የወይዘሮ አሰለፈች መጀመሪያ።

ሠርጉ መቼ ነው? ከሰኔ ጾም በፊት አድርጉት።

ልጅዎ መቅደላ


መርሳ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር መቅደላ (አሁን ማን ይከራከረኛል!)፣

ጽሑፍሽን በሰዓቱ ማስረከብሽን ሰምተን እዚህ ቤት እልልታው ቀለጠ። እግዚአብሔር የሥራሽን ፍሬ ያሳይሽ።

እኛም ግንቦት 24 ተጋባን፤ ቢኒያም ራሱ ሚዜ ካልሆንኩ ብሎ ከአዲሱ ጫማዬ ጋር የሚሄድ ከረባት ገዛልኝ። ናስር ጀልባውን በቄጠማ አስጊጦ ወስዶ አንሳፈፈን። አሰለፈች ሻርፗን አድርጋ ነበር፤ ነፋስ ግን አልነበረም።

ዘንግሽን መጀመሪያ ቦታው መልሰን በሲሚንቶ ተክለነዋል። ትናንት ዐሥራ ሦስት ነው። ክረምቱ ይመጣል፤ ይሙላም ይጉደልም ያየሁትን እጽፋለሁ። ቀሪውን ገጽ አሰለፈች ልናገርበት ብላ ነጥቃኛለች፤ እሷ ትላለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

«የኔ ልጅ፣ እንደምን አለሽ? አልከሳሽም? ያንን ዘንግ ዳግመኛ አልነካም፣ ሙች። ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ አልቀርም። ያን ሁሉ ዓርብ ውሃ የገባሁት ጋሼ ስልሳ ሁለት ሲሉ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ትናንት ዐሥራ ሦስት ብለው ሲጽፉ ደግሞ ፊታቸው ያው እንደ መጀመሪያው ቀን በራ። ‹ጎደለ እኮ፣ ምን ያስቅዎታል?› ብላቸው፣ ‹ያን ቀንም የሳቅኩት በቁጥሩ አልነበረም፤ ቀና ስል አንቺን አይቼ ነው። በሳምንቱም ያዘንኩት አንቺን ስላጣሁ ነው› አሉኝ። ይህን አሁን ሲጽፉት አፍረው አቀርቅረዋል። አየሽ፣ ያን ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ዘንጉ ከቦታው ንቅንቅ አይልም ነበር።»